ልጅን ለዕዳ መያዣ፦ ከሕንድ ታሪክ የምንማረው



አንድ አባት ለሠርግ ወይም ለሕክምና ጥቂት ሩፒ ይበደራል። በመያዣነት የሚሰጠው መሬት ስለሌለው ልጁን ይሰጣል። ልጁ ከብት እየጠበቀ፣ ምንጣፍ እየሠራ ወይም ድንጋይ እየፈለጠ ያገለግላል። የሂሳቡን መዝገብ የሚይዘው አበዳሪው በመሆኑ ዕዳው አያልቅም፤ አንዳንዴም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። በሕንድ ገጠር ሥር ሰድዶ የኖረው የዕዳ ባርነት አሠራር በአጭሩ ይህ ነው።

ሕጉ ቀድሞ መጥቷል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በ1933 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የልጅን ጉልበት በመያዣነት የሚሰጥ ውል ፈራሽ እንዲሆን ደነገገ። ቅጣቱ ለወላጅ እስከ 50፣ ለአሠሪ እስከ 200 ሩፒ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ልጁን የማይጎዳ፣ ተገቢ ደመወዝ የሚከፈልበትና ቢበዛ በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ውልን ከክልከላው ውጭ አደረገ። በዚህ ቀዳዳ ስንቱ አሠሪ ሊያልፍ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነጻ ሕንድም በ1976 የዕዳ ባርነትን በአዋጅ አጠፋች። የሚያስገርመው፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የዜጎችን መብት ያገደው የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት ይህን ሕግ ማውጣቱ ነው። ዕዳው ሁሉ ተሰረዘ፤ አጥፊው እስከ ሦስት ዓመት እንዲታሰር፣ በየአውራጃውም ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተደነገገ። ሆኖም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፋሪዳባድ የድንጋይ ካባዎች የነበሩ ሠራተኞች ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቀርብ፣ አዋጁ ከወረቀት ብዙም እንዳልራቀ ታየ። ከዕዳ የተፈታ ቤተሰብ መሬትም ሌላ ገቢም ከሌለው ተመልሶ የአበዳሪውን ደጅ ይጠናል። ልጁም ከጌታው ቤት ቢወጣ የሚገባበት ትምህርት ቤት አላገኘም።

ይህን ክፍተት አጥርተው ካዩት አንዷ በሃይደራባድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህርት የነበሩት ፕሮፌሰር ሻንታ ሲንሃ ናቸው። በ1987 ከዕዳ ባርነት የወጡ ልጆችን ለመደበኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ የሦስት ወር ካምፕ አደራጁ። ከ1991 ጀምሮም ሥራው በአያታቸው ስም በተሰየመው ፋውንዴሽን አማካይነት በራንጋ ሬዲ አውራጃ ተስፋፋ። ካምፑ መሸጋገሪያ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ የአሥር ዓመት ልጅ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ እንዳያፍር፣ ለዕድሜው በሚመጥን ክፍል እንዲገባ ያዘጋጀዋል። ከዚያ የሚገባው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የመንደሩ ወጣቶች፣ መምህራንና የመንደር ምክር ቤት አባላት በአንድነት ይከታተሉታል፤ ወላጅንም አሠሪንም ቀርበው ያግባባሉ።

የሥራቸው መሠረት አንድ ቀጥተኛ አቋም ነበር፦ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ ልጅ ሁሉ ሠራተኛ ነው። «ድሃ ስለሆኑ ልጆቻቸው መሥራታቸው ግድ ነው» የሚለውን፣ እኛ ምሁራንም ሳንመረምር የምንደግመውን አባባል በተግባር ተከራከሩት። የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈትና ጎረቤት ሲያግዝ ድሃው ወላጅም ልጁን እንደሚልክ አሳዩ። ፕሮፌሰሯ በ2003 የማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው። ሕንድም ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነጻና ግዴታ የሆነ ትምህርትን በ2009 ሕግ አደረገች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዕዳ ባርነትን ከአስከፊዎቹ የሕፃናት ሥራ ዓይነቶች የሚቆጥረውን የ1999ኙን ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2003 አጽድቃለች፤ በ2020 ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል አገሮች በሙሉ አጽድቀውት አበቁ። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብሎ መጥቶ ሽሮ ሜዳ በሸማ ዕቃ ሥር የዋለ ልጅ በብድር ወረቀት አልታሰረ ይሆናል። ነገር ግን የእርሱም ጥያቄ የራንጋ ሬዲው ልጅ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ብወጣ ማን ይቀበለኛል? ፊርማ ይህን አይመልስም። የሚመልሰው በሩን የከፈተ ትምህርት ቤትና «የዚያ ልጅ ወንበር ዛሬ ለምን ባዶ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ነው።