«በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ስንባል

አባቶቻችን ሲሰሙት ያደጉት አንድ ተረት አለ፤ ሰማይ ምሰሶ የለውም፣ እስላም አገር የለውም የሚል። የሚተርተው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ጎረቤት አልነበረም። ለቅሶ ይደርሳል፤ ሲድርም ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል። ብቻ አገሪቱ የማን እንደሆነች ጠይቆ አያውቅም። ምን አስጠይቆት!

ነገሩ ግን ከተረት ያለፈ ነበር። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ሹማምንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሥልጣን ልቀቁ አሏቸው። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እሳቸው ናቸው። እንደ ሸኽ ጦልሓ ያሉ ዑለማእ ግን እምቢ ብለው ታገሉ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንዲህ ያለው ግዳጅ አልነበረም፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ እምነት ተከታይ እንዲሆኑ ተደነገገ። የአምልኮ ነፃነት አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ዒድ ሲመጣ ግን መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነው። የምንጠራውም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባልን ነበር። ልብ በሉ፤ የውጭ አገር ሰውም እኮ በኢትዮጵያ ይኖራል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጣ። ሃይማኖት ከመንግሥት ይለይ፣ በዓላችን ይከበር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል አለ። ከሰልፈኛው መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ። ይህን ብዙ ጊዜ ስናወራ እንዘለዋለን፤ ለምን እንደምንዘለው ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም። እነዚያ ሰዎች ተረቱን እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ግን ከኛ ጎን ቆሙ።

እኛስ ሙስሊሙ በሚበዛበት ቀበሌ ስንኖር? ጥቂት የሆነውን ክርስቲያን፣ የዋቄፈና ተከታዩን፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለውንም ጎረቤት በልባችን «የሚኖር» ነው የምንለው ወይስ ያገር ሰው? በ615 እ.ኤ.አ ሶሓቦች ወደ ነጃሺ ሲሰደዱ ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ እምነታቸውም የንጉሡ እምነት አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም ዒደል ፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ዒድ ሲደርስ ክርስቲያኑ ሠራተኛም ከኛው ጋር ዐርፎ ዋለ።