ከወገቡ የቀረው ካቴድራል

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በቦቬ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ከምሥራቅ ሲያዩት ሌላ፣ ከምዕራብ ሲያዩት ሌላ ነው። በምሥራቅ በኩል የድንጋይ ደን የመሰለ ግዙፍ ሕንጻ አንገት እስኪያም ድረስ ወደ ላይ ያስመለክታል። ዞረው በምዕራብ ሲመጡ ግን ሕንጻው በድንገት ያልቃል። ምዕመናን የሚቆሙበት ረጅሙ አዳራሽ የለም፤ አዳራሹ ሊጀምርበት የነበረውን ቦታ ግድግዳ ዘግቶታል። ካቴድራሉ መቅደስና ሁለት ክንፍ ብቻ ይዞ ከወገቡ ላይ ቀርቷል።

የጎቲክ ሕንጻ ጥበብ ምን ያህል እንደተራመደ ለማወቅ የሻርትርንና የአሚየንን ካቴድራሎች ማየት ይበቃል። እስከ የት ድረስ ሊራመድ እንደሚችል ለማወቅ ግን ቦቬ መሄድ ያስፈልጋል።

በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን ፈረንሳይ ከተሞች በጣሪያ ከፍታ ይፎካከሩ ነበር። የፓሪሷ ኖትር ዳም የድንጋይ ጣሪያ ከወለሉ 33 ሜትር ያህል ይርቃል። ሻርትር ወደ 37 ወጣ፣ ራንስ 38 ደረሰ፣ አሚየን 42 ሜትርን አለፈ። ይህን ያህል መውጣት የተቻለው ሦስት ነገሮች ስለተጋጠሙ ነው። አንደኛው ሾጣጣው ቅስት ነው፤ ከግማሽ ክብ ቅስት ይልቅ ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳል፣ ወደ ጎን የሚገፋውም ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከጣሪያው ሥር እንደ ጎድን አጥንት የተዘረጋው የድንጋይ መስመር ሲሆን ጭነቱን ሰብስቦ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ ያሳርፋል። ሦስተኛው የውጭው ደጋፊ ቅስት ነው። የዘመመ ቤት ግድግዳው እንዳይወድቅ ከውጭ ባላ እንደሚቆምለት ሁሉ፣ እነዚህ ግማሽ ቅስቶች ከጎን ጣሪያዎች በላይ በአየር ላይ ተሻግረው የላይኛውን ግድግዳ ይደግፋሉ፤ የተቀበሉትን ግፊት ደግሞ ውጭ ለቆመው ወፍራም የድንጋይ ተሸካሚ ያስረክባሉ። ግድግዳው ከሸክም ስለተገላገለ በስፋት ተከፍቶ ባለቀለም መስታወት ሊገባበት ቻለ። በጎቲክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈሰው ብርሃን የመጣው በዚህ ዘዴ ነው።

የቦቬ ነባር ካቴድራል በ1225 በእሳት ሲጎዳ ጳጳሱ ሚሎን ደ ናንቴይ አዲሱን አስጀመረ። ጳጳሱ መንፈሳዊ አባት ብቻ አልነበረም፤ የከተማዋም ጌታ ነበር። ከተማዋ ደግሞ በሱፍ ጨርቅ ሥራ የበለጸገች ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከንቲባ ሹመት ሰበብ ሁከት ተነሣ፤ ጳጳሱና ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ተጣሉ፣ የጳጳሱ ገቢ ተያዘ፣ ሥራውም ተጓተተ። ያም ሆኖ በ1272 መቅደሱ ተጠናቆ አገልግሎት ጀመረ። የጣሪያው ከፍታ 48 ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህም ከእርሱ የሚበልጥ የጎቲክ ጣሪያ አልተሠራም።

የቆመው ግን 12 ዓመት ብቻ ነው። በኅዳር 1284 አንድ ምሽት የጣሪያው ከፊል ተደረመሰ፤ ከውጭ ተሸካሚዎቹም የተሰበሩ ነበሩ።

ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ጥፋቱን የፈለገው በላይኛው ግድግዳ ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ነው፤ የግንቡ መገጣጠሚያ ቀስ በቀስ ሲጨመቅ ጭነቱ እነርሱ ላይ ወድቆ ሰበራቸው ይላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ማርክ ደግሞ የሕንጻውን ቅርጽ በፕላስቲክ ሠርቶ ጫና እያሳረፈ ካጠና በኋላ ዋናውን ድርሻ ለነፋስ ሰጠ። በእርሱ አመለካከት ነፋስ በየጊዜው ሲመታው የውጭ ተሸካሚው ውስጥ ስንጥቅ ተፈጥሮ ነበር። ግንበኞቹን ደፋሮች ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ይሁንና የጭነት ሒሳብ የሚሠራበት ዘዴ ገና አልነበረም፤ በእጃቸው የነበረው ኮምፓስ፣ ገመድ፣ ቱንቢና ከቀዳሚው ሕንጻ የቀሰሙት ልምድ ነው።

ከመደርመሱ ይልቅ የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ጣሪያውን አንድ ክንድ እንኳ ዝቅ አላደረጉትም። በየሁለቱ ምሰሶ መካከል ሌላ ምሰሶ ጨምረው፣ የጣሪያውንም ክፍፍል አጥብበው በዚያው ከፍታ መልሰው ገነቡት። ዛሬ መቅደሱ ውስጥ የቆመ ሰው የተጨመሩትን ምሰሶዎች ለይቶ ማየት ይችላል፤ የጥገናው ታሪክ በድንጋዩ ላይ ይነበባል።

ከዚያ የመቶ ዓመቱ ጦርነት መጣ፤ ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆመ። በ1500 የክንፎቹን ግንባታ የጀመረው በሳንስና በትሯ ካቴድራሎች ሥራው የሚታወቀው ማርተን ሻምቢዥ ሲሆን ክንፎቹ በ1548 ተጠናቀቁ። አሁን የካህናቱ ጉባኤ መወሰን ነበረበት፦ አዳራሹ ይቅደም ወይስ ከመቅደሱና ከክንፎቹ መገናኛ በላይ የሚቆመው ማማ? ማማው ተመረጠ። በ1569 ከድንጋዩ ማማ ጋር የእንጨት ሾጣጣ ጫፉ ተጨምሮ 153 ሜትር ደረሰ፤ የስትራስቡርግ ካቴድራልን 142 ሜትር አስከነዳ።

ስሕተቱ ያለው ከፍታው ላይ ብቻ አልነበረም። ማማው ያረፈባቸው አራት ምሰሶዎች በምሥራቅ መቅደሱ፣ በሰሜንና በደቡብ ክንፎቹ ይይዟቸዋል። በምዕራብ ግን የሚይዛቸው የለም፤ መያዝ የነበረበት አዳራሽ አልተሠራማ! ምሰሶዎቹ ወደ ባዶው ጎን ማዘንበል ጀመሩ። ባለሙያዎች መጥተው አይተው አስጠነቀቁ፤ ካህናቱ ግን ጊዜ ወሰዱ። ሚያዝያ 30 ቀን 1573 የዕርገት በዓል ነበር። ካህናቱና ሕዝቡ ታቦት ተከትሎ እንደሚወጣ ጉባኤ ለዑደት ከካቴድራሉ እንደወጡ ማማው ተናደ። የቀረውን ፍርስራሽ ለማውረድ የደፈረ ሰው ስለጠፋ፣ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ነጻ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶለት እንደወጣ ይነገራል።

ማማው ዳግመኛ አልተሠራም። የአዳራሹም ሥራ ገና ከጅምሩ ገንዘብ አልቆ ተቋረጠ። በሰኔ 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የከተማዋን መሐል ሲያቃጥሉ ግን ያ ሁለት ጊዜ የተናደ ሕንጻ ዙሪያው አመድ ሆኖ እርሱ ቆሞ ተገኘ። በኋላም ደጋፊዎቹን ያያያዙ የብረት ማሰሪያዎች በተነሡ ጊዜ በነፋስ መወዛወዝ ስለጀመረ ብረት መልሶ ገብቶለታል፤ ክንፉም ውስጥ ትልልቅ የድጋፍ መዋቅሮች ቆመዋል።

ከተዘጋው ግድግዳ በስተ ምዕራብ፣ ያልተሠራው አዳራሽ ሊዘረጋበት ከታሰበው መሬት ላይ፣ ባስ ኧቭር የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራል ቅሪት ነው፤ ከፊሉ ለአዲሱ ሕንጻ ቦታ ለመልቀቅ ፈርሷል፣ የቀረውም ተራውን ይጠብቅ ነበር። አዳራሹ ስላልመጣ፣ ያ ዝቅተኛ የድንጋይ ቤት ከ48 ሜትሩ ጣሪያ ጎን እስከ ዛሬ ቆሟል።