ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ክምር

በ1982 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አምስት ጓደኞቼን ሰበታ መንገድ ዳር አቁሜ ፎቶ አንስቻቸው ነበር። ካሜራዋ በውሰት ያገኘኋት ዜኒት ናት። ከጀርባቸው የጤፍ ክምሮች፣ አውድማ ላይ የቆመ በሬ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ባሕር ዛፍ ይታያል። መቼም ጥሩ ፎቶ አይባልም፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል።

ይህችን ፎቶ ያስታወሰኝ የሽመልስ ደስታ ነገር ነው። ሽመልስ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ንጉሡን፣ ሊጎበኟቸው የመጡትን መሪዎች፣ ከአብዮቱ በኋላም የደርግን ሰዎች አንስቷል። ለረጅም ዓመታት ከሰው ዓይን ርቀው የቆዩት ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ ቀረቡ። ከእሱ በፊትም የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ሲያነሳ ኖሯል። እኔ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሳይ ዓይኔ ንጉሡ ላይ አይቆይም፤ ወደ ዳር ይሸሻል። ከሰልፉ ኋላ ያለው የቆርቆሮ አጥር፣ በባዶ እግሩ የቆመው ልጅ፣ ዛሬ የሌለው ዛፍ፤ ፎቶ አንሺው ሳያስበው የገቡ ነገሮች ናቸው።

ሚካኤል ፀጋዬ ግን ዳሩን አስቦበት ወደ መሐል አመጣው። ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም አልስማማው ስላለ ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ እየተከታተለ አነሳ፤ ሥራውንም በአማርኛ «የወደፊት ትዝታዎች» ልንለው የምንችለውን ስም ሰጠው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የስሙ ትርጉም ይበልጥ ገባኝ። ለነገሩ ፒያሳ ብዙ ፎቶ የተነሳ ሰፈር ነው። በዙሪያችን ያሉት ከተሞችስ?

ሰበታ ካሜራ የሄደው ለሜታ ቢራና ለመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። ቡራዩ ለገፈርሳ ግድብ፣ ሱሉልታ ለሯጮቹ። የጅማን መንገድ ይዞ ከሰበታ እስከ ተጂና ከዚያም ወዲያ የተዘረጋውን የጤፍ ማሳ ማን ብሎ ያንሳው? ማሳ ምን ዜና አለው? ዜና የሆነው ሲታጠር ነው። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞ ፈነዳ፤ ሰው ሞተ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰረዘ። በዓመቱ መስከረም ላይ ከሰበታ የሚነሳው የጂቡቲ ባቡር ተመረቀ። በ2015 እነዚህ ከተሞች ሸገር ሲቲ በሚል ስም አንድ ላይ ተጠቃለሉ፤ ብዙ ቤትም ፈረሰ። ያኔ ካሜራው ሞልቶ ነበር። በፊት ምን እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ግን እንዲያው ብትፈልጉ በየቤቱ የምታገኙት የመታወቂያ ጉርድ ነው፤ ከጀርባው ነጭ ግድግዳ።

ወደ ፎቶዬ ልመለስ። በ2000 ዓ.ም. ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ የሰበታ ልጅ ወረቀት ሊያስረክብ ቢሮዬ ገባና ግድግዳዬ ላይ ዓይኑ ተተከለ።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

«እኔው ነኝ ያነሳሁት። የክፍል ጓደኞቼ ናቸው።»

«ሰዎቹን አይደለም።» ጣቱን ክምሩ ላይ አሳረፈ። «የአያቴ አውድማ ነው።»

ቦታው ፋብሪካ ሆኗል። አያቱ ካሳቸውን ተቀብለው ተጂ ዘመድ ጋ ገብተዋል። ልጁ ፎቶውን ላሳጥብልህ ስለው አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ከተቻለ ሰዎቹ ባይኖሩ» አለኝ። አልተቀየምኩም፤ ይልቅስ ሳቄ መጣ። ጓደኞቼን ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን አስተልቄ ይዤ አብሬው ተጂ ወረድኩ።

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ክምሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ተረጎመልኝ።

«በቀኝ ያለው ክምር የእኛ አይደለም፣ የጎረቤት ነው ይላሉ።»

ከዚያ ጣታቸው ወደ ግራው ጠርዝ ሄዶ ከወረቀቱ ውጪ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አሁንም ተናገሩ። ልጁ ሊተረጉምልኝ አመነታ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ቤቱ እዚህ ጋ ነበር። ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይገባለት ነበር፣ ነው የሚሉት።»