ያየው ማን ነው? የታየውስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ መዝጋቢ ቤቴ መጥቶ "ቴሌቪዥን አላችሁ?" አለኝ። "የለንም" አልኩት። ምልክት አድርጎ ሄደ። ማታ ግን እዚሁ ጁባ፣ ጉደሌ ካለችው የሀገራችን ልጅ ቡና ቤት፣ ጄኔሬተር በሚያንቀሳቅሰው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ሠላሳ ያህል ሆነን ዜና አየን። በወረቀቱ ላይ ሠላሳችንም ተመልካች አይደለንም። የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። የሚያየው ጥቂት ከተሜ ነው።

በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለሀገሩ ሰው አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን ያቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ነው፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ ግን መኮንኑም ባለሥልጣኑም ነጋዴውም ከዚያ ጥቂት ውስጥ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ግን መስኮቱ ውስጥ እንጂ መስኮቱ ፊት አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1977 መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን፣ ማይክል ቡርክ በቢቢሲ የተረከውን ዓለም አየ። በሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ለእርዳታ የተዘጋጀውን ኮንሰርት ከቢሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው ተባለ። የኮረም ሰው ታየ እንጂ አላየም።

በኋላ እኛም ማየት ጀመርን። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። እሁድ ጫማችንን በር ላይ ደርድረን፣ አንዳንዴም ስሙኒ ከፍለን እንገባ ነበር። ሳጥን የቆጠረ "አንድ" ይላል፤ ጫማ የቆጠረ ግን እውነቱን ያገኛል።

ይህ ቀልድ አይደለም። የክትባት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የራሽን መልእክት በምን ይተላለፍ የሚባለው እንዲህ ባለ ቆጠራ ነው። "የላቸውም" ከተባልን "አይሰሙም" እንባላለን፤ ስለ እኛ ይወራል እንጂ ለእኛ አይነገርም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሁለተኛ ሲጠይቋችሁ "ቤቴ የለም፤ ግን አያለሁ፣ ከእነ እገሌ ጋር" በሏቸው። ጎሮም ካምፕ ያላችሁ፣ እናንተስ የት ነው የምታዩት? ስንት ሆናችሁ? እዚህ ጻፉልኝ፤ ጫማውን እኛው እንቁጠር።