የማንኪራ ወግና የፈሰሰው ካፓሲተር

ቡና የተገኘው ማንኪራ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ማንኪራ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለ የከፋ ደን ነው። የከፋን ደን ዩኔስኮ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በባዮስፌርነት መዝግቦታል። ስለ ቡናው የሚወራው ግን አብዛኛው በአፍ የኖረ ነው። አንድ መምህር ዘመዴ ከሽማግሌዎች የሰማውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በላፕቶፕ ጻፈው። ወረቀት ላይ ቢጽፈው ይሻል ነበር አልልም፤ ምስጥ አለ።

የዚያ ዘመን ላፕቶፖች የጋራ በሽታ አለባቸው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ማለት ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል፣ በመሃላቸው ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት፣ ከሥር የጎማ ውታፍ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዕቃው እንዲያንስ ተብሎ ቦርድ ላይ የሚለጠፉ ትንንሾች መጡ። ፈሳሹ ውስጥ የተጨመረው ጨው ከዓመታት በኋላ ጎማውን አዳከመው። የሚያፈተልከው ፈሳሽ ደግሞ መዳብ ይበላል። የከፋ እርጥበት ለቡና ይመቻል፤ ለመዳብ አይመችም።

«ዲስኩን ነቅለህ በሌላ ኮምፒውተር አታነበውም?» ትሉኝ ይሆናል። የአንዳንዶቹ ዲስክ ከራሱ ቦርድ በቀር ከምንም አይገጥምም፤ ይኼኛውም እንደዚያው። ጥገና ቤት ካፓሲተሮቹ በሙሉ ተቀየሩ። መብራቱ በራ፣ ዲስኩ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጭጭ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አዲሶቹን ካፓሲተሮች ይጠረጥራል። ፕላስና ማይነሳቸው እንዳልተገላበጠ አየን፤ ደህና ናቸው። ከዚያ የውጭ ሞኒተር ሰካንበት፤ ጽሑፍ መጣ! እንግዲህ ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም በሕይወት አሉ፣ የታመመው የስክሪኑ መስመር ብቻ ነው። ምንም ሳንነካ ፋይሉን በሲሪያል ኬብል ገለበጥነው፤ ነገ ይነሣ አይነሣ አይታወቅማ። የድሮ ኤልሲዲ ከ5 ቮልቱ ሌላ ለኮንትራስት ከዜሮ በታች የሆነ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስንለካው የለም። ከአንዱ አዲስ ካፓሲተር ሥር ፀጉር የምታክል የመዳብ መስመር ተበልታለች። በዓይን ሲያዩዋት ያለች ትመስላለች፤ ሞልቲሜትሩ ግን አይጮኽም። ቦርዱን በአልኮል አጥበን በቀጭን ሽቦ ቀጠልናት።

የተገለበጠውን ፋይል ስንከፍተው ደግሞ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆነ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወጥ ኮድ ስላልነበረ የአንዱ ፕሮግራም ጽሑፍ በሌላው አይነበብም። የ8 ቢት ኮድ 256 ቦታ አለው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹ፣ ነጥቦቹ፣ እንግሊዝኛው ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለ፣ ሌላው አንዱን ሆሄ ከሁለት ቁራጭ ገጣጠመ። «ዝብርቅርቅ» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስታንዳርድ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ የምንፈታው ፋይል አይኖርም ነበር።

ቁልፉ የተገኘው እዚያው አሮጌው ማሽን ላይ ነው። ፊደሉን ከስክሪኑ፣ ቁጥሩን ከፋይሉ እያየን ሠንጠረዥ ሠራን። የጀመርነው በሚደጋገመው ቃል፣ በካፊኖኖ ቡና ማለት በሆነው «ቡኖ» ነው፤ ዛሬ በዩኒኮድ 4705 እና 4758 ነው። አሁን የቀረው ዲስኩ አላነብ ያለው ቦታ ነው። አንደኛው ክፍተት የወደቀው የጎሳ ስሞች ዝርዝር መሃል ላይ ነው። ስሞቹን ከነገሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ በሕይወት አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ዝርዝሩን አትመን ወደ እነሱ እንሄዳለን።