ስለ ቀፊራ ገበያና ስለ ስፍራ ፍቅር

ሰው የአባቶቹን ስፍራ መውደዱ ከጥንት የታወቀ ነገር ነው። ኢይዝራኤላዊው ናቡቴ፣ ንጉሡ አክዓብ በወይኑ ቦታ ፈንታ የሚሻል ወይን ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልስጥህ ቢለው እንቢ ያለው ዋጋው አንሶበት አልነበረም፤ ርስቱ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች የስፍራ ፍቅር ከርስት ጋራ ብቻ የሚወረስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አብዛኛው ሰው ከሌላ አገር መጥቶ የተሰበሰበበት ገበያ እንደ አባት ርስት ሲወደድ ብናይ ምን እንላለን? የድሬዳዋ ቀፊራ ታሪክ ይህን ነገር እንድንመረምር ያስገድደናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር መሥሪያ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ተራራውን ማስወጣት ብዙ ድካምና ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መንገዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሞቃት ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ባቡሩም ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ተጕዞ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ደረሰ። ከተማዪቱ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። በሜዳው ከብታቸውን የሚያሰማሩ ሶማሌዎችና ኦሮሞዎች ስፍራውን አስቀድመው ያውቁት ነበርና የእነርሱ አጠራር አሸነፈ። ሶማሌው፦ ድር የተባለው የነገዳችን አባት ጦሩን የተከለበት ነው ይላል፤ ኦሮሞውም፦ «ድሬ» ማለት ሜዳ ነው ብሎ በቋንቋው ይተረጕመዋል። ስፍራን የወደደ ሰው አስቀድሞ ስሙን የራሱ ያደርገዋልና።

ከተማዪቱን ደቻቱ የተባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን የባቡሩ መሐንዲሶች ለክተው ያቀዱት፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ዛፍ ያጠላበት ከዚራ አለ፤ በማዶው ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው በየዐቅሙ የሠራው መጋላ ነው። ቀፊራ በመጋላ ወገን ያለ ገበያ ነው። በዐረብ አሠራር የታነጸውን ቅስት ያለፈ ሰው፣ ከደጋው አትክልትና ፍሬ የጫነውን አህያ፣ ከቆላው ማገዶ የጫነውን ግመል፣ ወተት የምትሸጠውን ሴት፣ ቅመምና ዕጣን የዘረጋውን ነጋዴ በአንድነት ያያል። ሻጩ ከአንዱ ገዢ ጋራ በኦሮምኛ ተከራክሮ ወደ ሌላው በሶማልኛ ይዞርና ሒሳቡን በአማርኛ ይጨርሳል። በዚያ አገር ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ማለት ነውር አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በመጀመሪያ ይከፋዋል፤ ኋላ ግን ቃሉ የንቀት ሳይሆን የቤተሰብነት መሆኑን ተረድቶ እርሱም ይለምደዋል።

እንግዲህ ፍቅሩ ከወዴት መጣ? ለዓይን የሚያምረው ከዚራ ነው። ነገር ግን የስፍራ ፍቅር በዓይን ብቻ አይገባም፤ በእግርም፣ በእጅም፣ በአፍንጫም ይገባል። በየቀኑ በአንድ መንገድ የሚመላለስ ሰው ጥላው በስንት ሰዓት በየትኛው ግድግዳ እንደሚያርፍ ሳይነገረው ያውቃል። ዱቤ የሰጠውን ነጋዴ ያውቃል፤ እርሱም ይታወቃል። ግንብ በድንጋይ ይሠራል፤ ሰፈር ግን የሚሠራው በመተማመን ነው። አባቱ ከየመን ወይም ከሸዋ የመጣ ሰው በዚያ ነግዶ፣ አግብቶ፣ ሙታኑንም ቀብሮ ከኖረ በኋላ አገርህ ወዴት ነው ቢሉት ሌላ አገር አይጠራም። ርስት ሳይወርስ መጥቶ ለልጁ ርስት አወረሰ ማለት ነው።

ይህም ፍቅር ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። ቀላሉ ፈተና የባቡሩ ነው። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ተወ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ከከተማው ውጭ ሆነ። ከተማዪቱን የወለዳት ባቡር ከመካከልዋ ሲወጣ ገበያው ግን በስፍራው ቀረ።

ከባዱ ፈተና ከዚያ ቀድሞ የመጣው ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ የተኙትን ወሰደ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም መጠለያ አጡ። ኋላም ከተፈናቀሉት ለአንዳንዶቹ በሌላ ስፍራ ቤት ተሠራ።

በዚህ ነገር ሁለት ዐይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንዱ፦ ቤት ከተሰጠው ዘንድ ሰው ስለምን ወደ ወንዙ ዳር ይመለከታል? ይላል። ይህ ሰው ከሰል ቸርቻሪዋ ሴት ስትነሣ ከቤትዋ ጋራ ደንበኛዋን፣ አበዳሪዋን፣ ልጅዋን የሚጠብቅላትን ጎረቤት እንዳጣች አላሰበም። ሌላው፦ የለመድሁትን ስፍራ አልለቅም ብሎ በጎርፉ መንገድ ላይ ይሠራል። ይህም አሸዋውን ወደደ እንጂ ወንዙን አላወቀም። ስለዚህ ሰውን ከስፍራው የሚያነሣ ሹም ጎረቤትን ከጎረቤት ሳይለይ፣ ገበያውንም ሳያርቅበት ያንሣው፤ ስፍራውን የሚወድ ሰውም የደረቁን ወራት ብቻ ሳይሆን የክረምቱን ሌሊት ጭምር ያስብ። የወንዙን ሙላት የረሳ ሰው ስፍራውን አወቅሁ አይበል።