ስለ አዋጅ ነጋሪና ስለ አዋጅ ሰሚ
የአካባቢ ጉዳይ ወደ ነዋሪው ይደርስበት ስለ ነበረው መንገድ

የአገራችንን የአስተዳደር ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አዋጆችን በሚያጠኑበት ጊዜ በአብዛኛው የሚመለከቱት ቃሉን ነው፤ ማን አወጀው፣ በምን ዘመን ታወጀ፣ ምን ከለከለ፣ ምንስ ፈቀደ ብለው ይጠይቃሉ። ቃሉ ከአዋጅ ነጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ በምን መንገድ ወደ ጭሰኛው ጎጆና ወደ ባልቴቷ ደጃፍ እንደ ደረሰ የጠየቀ ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ነዋሪው ስለ ግብሩ፣ ስለ መንገድ ሥራው፣ ስለ ጠፋው ከብትና ስለ ተሰረቀው ንብረት የሚሰማበት መንገድ ራሱን የቻለ የማኅበራዊ ኑሮ ሥርዐት ስለ ሆነ ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። በተለይም አንድ ሰው በእርግጥ የሰማበትና ሳይሰማም እንደ ሰማ የሚቈጠርበት ሁኔታ እንዴት እየተለያዩ እንደ ሄዱ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ፣ ሌላ ካልተገለጠ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ከቃላቱ ብንነሣ፣ «ነጋሪት» የሚለው ስም ነገረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ከበሮው የሚነግር ነው እንጂ የሚያስጨፍር አይደለም። የግዕዙ «ዐዋዲ»፣ ማለት ለፋፊ፣ ዞረ ከሚለው ፍች ጋር ይዛመዳል፤ ዐዋዲ እየዞረ የሚናገር ሰው ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. ለሰበካ ጉባኤ ያወጣችውን ደንብ «ቃለ ዓዋዲ» ብላ መሰየሟም ይህን ጥንታዊ ቃል በአጥቢያ አስተዳደር ውስጥ ሕያው አድርጎታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ሰማ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ «ልጁ አልሰማም አለ» ብንል፣ ድምፁ ወደ ጆሮው አልደረሰም ማለታችን ሳይሆን አልታዘዝም አለ ማለታችን ነው። መስማትና መታዘዝ በአንድ ቃል በሚነገሩበት አገር አዋጅን ለማስማት ይህን ያህል ሥርዐት መደረጉ የሚያስደንቅ ሊሆን አይገባም።

አዋጅ በአብዛኛው የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ገበያ የብዙ አጥቢያ ሰው በተወሰነ ቀን ያለ ጠሪ የሚሰበሰብበት ብቸኛ ስፍራ ስለ ነበረ፣ ነጋሪቱ አንድ ጊዜ ሲመታ ከየአቅጣጫው የመጣው ገበያተኛ ጨውንና በርበሬውን ሸክፎ ሲመለስ ቃሉንም ይዞ ይመለሳል። አዋጅ ነጋሪው ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ ማለቱ ለቃል ማሳመሪያ የተጨመረ አልነበረም። ሰሚውን ራሱን ሁለተኛ አዋጅ ነጋሪ አድርጎ መሾም ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለአድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ ባወጁ ጊዜ ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰፊውን አገር ሊያዳርስ የቻለው በዚህ ዐይነት ነው፤ ፈረሰኛው መልእክተኛ የደረሰው እስከ ገዥው ደጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የተጓዘው ሰሚው ነው።

ይሁን እንጂ የክተት አዋጅ በዘመናት አንድ ጊዜ የሚሰማ ነው። የየሳምንቱ የአካባቢ ጉዳይ የሚነገረው በአጥቢያ ውስጥ ነበር። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል፣ በሰንበት ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰብስቦ ሳለ ጭቃ ሹሙ ይነሣና የግብሩን ቀን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ማደሻ ሣር፣ የጠፋውን በሬ መልክ ይናገራል። በሌላ ቀን አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ከጉብታ ላይ ቆሞ ይጣራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በጎጃምና ርስት በጸናበት በሌላውም አገር የጭቃ ሹምነት በባለ ርስቶቹ ዘር መካከል በተራ የሚዞር ነበር፤ ዘንድሮ የሚናገረው ሰው ከርሞ ሰሚ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከጉባኤው መካከል አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህ ግብር ያለፈው ዓመት ተከፍሏል» ቢል፣ ተናጋሪው ጎረቤቱ ነውና ሊመልስለት ይገደዳል። ወሬው በሚነገርበት ቦታ ላይ ክርክሩም ይጀመር ነበር።

ይህን ስል የጥንቱን ሥርዐት ከመጠን በላይ ለማመስገን አይደለም። ወደ ቅጥር ግቢው የማይገቡ ብዙ ነበሩ። እስላሙ፣ በአንዳንድ አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ፣ ከአራስ ቤት ያልወጣችው ሴት፣ ሁሉም የሚሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነበር። በደቡብ ደግሞ ጭሰኛው አዋጁን የሚሰማው በማያውቀው ቋንቋ ሆኖ፣ በአስተርጓሚውና በባላባቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በእነዚህ ዘንድ «አልሰማሁም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ሁሉም እንዲገኝ የሚገደድበት ጉባኤም ነበረ፤ እርሱም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሣው በማኅበር ይከፈላል። በዚህ ሥርዐት ወሬው የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሆን፣ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚጠየቀው ነዋሪው ነው። የአካባቢ ጉባኤ ከላይ የመጣውን ቃል የሚቀበል ጆሮ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም፤ ምንም እንኳ ከንጹሓን ላይ የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ብዙ ቢሆንም።

ጋዜጣ በተነሣ ጊዜ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተለወጠም። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. መታተም ቢጀምሩም አንባቢው ጥቂት ነበረ። ከፍ ያለው ለውጥ በ1934 ዓ.ም. መጣ፤ መንግሥት ሕጎቹን የሚያወጣበትን ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 1 ሲያቋቁም «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው። ስሙ ከከበሮው ተወሰደ፤ ከበሮው ግን ዝም አለ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመው ወረቀት ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ሰማ ተቈጠረ፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ማንበብ አይችልም ነበር። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ ምክር ቤትን መልክ ወሰነ፤ ለከተማው ነዋሪ የሚቆመውም ተመራጭ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ሰው እንዲሆን አደረገ። ተከራዩና የቤት ሠራተኛው ስለ ከተማቸው ጉዳይ ማስታወቂያ ሊደርሳቸው ይችል ይሆናል፤ መልስ የሚሰጡበት ስፍራ ግን አልነበራቸውም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሳለሁ እንደ ተማርሁት፣ በዚያም የደብሩ ጉዳይና የመንግሥት ትእዛዝ በጸሎት ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቃል ይነበብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1837 የወጣ ሕግ ግን ንባቡን ከልክሎ ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ድምፅ ወደ ወረቀት የተለወጠበት ታሪክ በሁለቱም አገር መመሳሰሉ ሊቃውንትን ለንጽጽር ሊጋብዝ ይችላል።

ድምፁን እንደገና ወደ ሰፈር ያመጣው ቀበሌ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ሥልጣናቸውን አሰፋ። ተከራዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩን ሸንጎ መራጭና ተመራጭ ሆነ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያው አካል ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች የሚያከራይ፣ ስኳር የሚያድል፣ መታወቂያ የሚሰጥ፣ የሚዳኝና የሚያስር ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በድምፅ ማጉያ ለስብሰባ የጠራው ድምፅ ሌሊት በር የሚያንኳኳውም ድምፅ ነበረ። በአጥቢያው ጉባኤ መነሣትና «ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ልማድ እንደ ነበረ አይተናል። በቀበሌው ስብሰባ ግን ሰው መገኘቱን በስም ጥሪ ያስመሰክራል፤ ይቀመጣል፤ ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ስብሰባ» የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ጆሮ የመሰላቸት ድምፅ ያለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል።

በ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3፣ በጋዜጣው የታተመውን ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካልና ማንኛውም ሰው እንዳወቀው እንዲቈጠር በግልጥ ደነገገ። ክልሎችም የየራሳቸውን አቋቋሙ፤ የኦሮሚያው «መገለታ ኦሮሚያ»፣ የአማራው «ዝክረ ሕግ» ይባላል፤ አዲስ አበባም «አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ» አላት። ሕግ ከአማርኛ በሌላ የአገር ቋንቋ መታተሙ ለብዙ ሰሚ ትልቅ ነገር ነው። ስለ መንደር መንገድና ስለ ቦታ ኪራይ የሚወጣው ማስታወቂያ ግን በብዛት የሚገኘው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳውን የሚያነበውም በሌላ ጉዳይ ተጠርቶ የመጣ ሰው ነው።

ከጥንቱ ዐዋዲ ዛሬ በከተማ ውስጥ የተረፈው የዕድር ለፋፊ ነው። እኔ በተወለድሁበት ሰፈር ገና ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫና የቀብሩን ሰዓት ይናገር ነበር፤ ለዚህም ከዕድሩ ጥቂት ብር ይከፈለዋል። በቀብር ያልተገኘ አባል መቀጫ ስለሚከፍል፣ «አልሰማሁም» ያለ ሰው ክርክሩን በወሩ ስብሰባ ለዳኛው ያቀርባል፤ ለፋፊውም ይጠራና በየትኛው ቅያስ እንዳለፈ ይጠየቃል። በአንድ ክረምት፣ ጎርፍ መንገዱን ስለ ዘጋው ለፋፊው ከወንዝ ማዶ ወዳሉት ቤቶች ሳይሻገር መቅረቱ ተረጋግጦ፣ የማዶዎቹ ሰዎች በሙሉ ከመቀጫ ነጻ ወጡ።